ቲክቶክ ሲዘጋ በርበሬዬን የምሸጥበት መንገድ

የተዘጋ ቲክቶክ እንዴት እንደሚከፈት ፈልጎ የመጣ ሰው ካለ ከደጃፉ ይመለስ፤ እኔ መክፈቻ የለኝም። የማውቀው ተዘግቶ ሳለ እንዴት እንደሚነገድ ነው።

ቤቴ ጎጃም፣ ቡሬ ነው። ዛላ በርበሬ ከገበሬ እገዛለሁ፤ ቀንጥሼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና በሶብላውን ጨምሬ ወፍጮ ቤት አስፈጫለሁ። ከዚያ በኪሎ እየመዘንሁ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር፣ ሰው ሲገኝ ደግሞ በሻንጣ እስከ አሜሪካ እልካለሁ። ሥራውን የወረስሁት ከእናቴ ነው። ቲክቶክን ግን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ እያገላበጥሁ ሳለ ሳታስፈቅደኝ ቀረጸችኝ። ፊቴ አይታይም፤ እጄና ቀዩ በርበሬ ብቻ ናቸው። ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። በሳምንቱ የማላውቃቸው ሰዎች ይደውሉልኝ ጀመር፤ ያን ዓመት የሸጥሁት እናቴ በሦስት ዓመት ከሸጠችው ይበልጣል። ስለዚህ እዚህ ቲክቶክን ላማ አልተቀመጥሁም። የበላሁበት ወጭት ነው።

ግን ሦስት ጊዜ ተዘግቶብኛል፤ ሦስቱም በተለያየ መንገድ። በመጀመሪያው ልከስር ደረስሁ። በሁለተኛው ተንገዳገድሁ። በሦስተኛው ምንም አልሆንሁም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ደብተር ነበረኝ። ስለ ደብተሩ ቆየት ብዬ በሰፊው እጽፋለሁ።

የተዘጋው የትኛው በር ነው?

«ተዘጋ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቡና ቤት ያላት ጎረቤቴ ከአንዴም ሁለቴ «ዘጉብን!» እያለች መጥታ ስልኳን ባየው የዳታ ጥቅሏ አልቆ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ከመደናገጥ በፊት ቀሪ ሂሳብና ጥቅል ይታይ።

ጥቅሉ ካለ ጎግል ላይ አንድ ቃል እጽፋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ሁልጊዜ የምጽፈው «ኮረሪማ» ብዬ ነው። ጎግል መልስ ከሰጠ ዳታው አለ ማለት ነው። ዳታው ኖሮ ቲክቶክ ብቻ እየዞረ ከቀረ የሌላ ሰው ስልክ እዋሳለሁ። በዚያም ካልከፈተ መተግበሪያው ተገድቧል። በዚያ ከከፈተ ግን ችግሩ የእኔ ነው፤ ወይ መተግበሪያውን ካደስሁት ቆይቻለሁ፣ ወይ ኩባንያው አካውንቴን አግዶታል። በኩባንያው የታገደ አካውንት መድኃኒቱ እዚያው መተግበሪያው ውስጥ የሚቀርብ አቤቱታ ነው፤ ከአገር እገዳ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በነገራችን ላይ አካውንት ስትከፍቱ የትውልድ ቀናችሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገቡ። እኔ የእኛን ዓመት አስገብቼ ራሴን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቼ ኖሬአለሁ። በእርጅናው አልከፋኝም፤ ነገር ግን አቤቱታ ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ ቀኑ አይገጥምም።

ጎግልም ካልመለሰ፣ ነገር ግን ስልክ ከተደወለና አጭር የጽሑፍ መልዕክት ከሄደ፣ የተቋረጠው ዳታው ራሱ ነው። ያን ጊዜ በቪፒኤን፣ የታገደን መተግበሪያ በሌላ አገር በኩል አዙሮ በሚያስገባው ፕሮግራም፣ መልፋት ከንቱ ድካም ነው። ቪፒኤን ባለ መንገድ ላይ አቅጣጫ ያስቀይራል እንጂ የሌለ መንገድ አይሠራም። ስልክም መልዕክትም ከጠፋ ቀሪው መናኸሪያ ነው፤ ደብዳቤ ጽፎ ለሚታመን ሰው መስጠት። እየቀለድሁ አይደለም፤ አድርጌዋለሁ።

አራተኛ ዓይነትም አለ፤ እናንተ ጋ ተከፍቶ ገዢያችሁ ጋ የሚዘጋው። እሱን ለማየት ጥምቀትን መጠበቅ ነበረብኝ።

ሦስቱ መዘጋቶች

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.። የቤተ ክርስቲያናችን የሲኖዶስ ጉዳይ አገሩን ሁሉ ያስጨነቀበት ሰሞን ነበር፤ እኛም ጥቁር ለብሰን ነበር። ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተገደቡ። ዳታው አለ፤ የባንክ መተግበሪያ ይሠራል፤ ሦስቱ ግን እንቢ አሉ። ሁለት ቀን ነው ብለን ጠበቅን። ሳምንት ሆነ፤ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ፋሲካ አለፈ። የተከፈተው ሐምሌ 10 ቀን አካባቢ ነው፤ ከአምስት ወር በኋላ። ይህ ሁሉ የሆነው አዲሱ በርበሬ ገብቶ ተፈጭቶ በተቀመጠበት፣ ለፋሲካ ሰው ሁሉ ድልህና በርበሬ በሚሸምትበት ወቅት ነው። ደንበኞቼ ሁሉ ቲክቶክና ቴሌግራም ውስጥ ነበሩ። የአንዳቸውንም ስልክ ቁጥር በወረቀት አልጻፍሁም። «ተጠባባቂ» ያልሁት ቴሌግራም ከዋናው ጋር አብሮ ሄደ። በማድጋ የተቀመጠ ውኃ ለማድጋ ስብራት መጠባበቂያ አይሆንም።

ሐምሌ 10 ሲከፈት እልል አልን። እልልታው ግን ሦስት ሳምንት አልሞላውም። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች ሲመለስ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህኛው የመተግበሪያ ጉዳይ አልነበረም፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ የከበደ ነበር፤ መንገድም አንዳንዴ አይኬድም ነበርና ስለ በርበሬ ማውራት ራሱ ያሳፍር ነበር። ቢሆንም ቤተሰብ መብላት አለበት። ደብተሩ የተወለደው በዚያ ዓመት ነው።

ሦስተኛው ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት! የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ከታቦቱ ማደሪያ አድራ የወጣቶቹን ጭፈራ ልካለች። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት ደንበኞቼ እንዲህ ያለውን ሲያዩ እንባቸው ይመጣል፤ እንባቸው ሲመጣ ደግሞ በርበሬ ያዝዛሉ። (ይህን በማለቴ የሚቀየመኝ ካለ ይቅርታ፤ ነጋዴ ነኝ።) ያን ቀን ግን ከእነሱ አንድም ቃል የለም። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በእነሱ ገና የከተራ ምሽት ሳለ፣ ቲክቶክ በመላ አሜሪካ ጨልሞ ነበር።

ታሪኩን ባጭሩ። የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስ የሚባል የቻይና ኩባንያ ነው። አሜሪካኖቹ የሕዝባችን መረጃ በቻይና መንግሥት እጅ ይገባል ብለው ስለ ፈሩ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ሕግ ፈረሙ፤ ወይ ሽጠህ ውጣ፣ ወይ ትዘጋለህ የሚል። የተሰጠው ቀነ ገደብ 270 ቀን ሲሆን ያበቃው ልክ በጥምቀት ዕለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ጥር 9 ቀን ሕጉን አጸናው። ቲክቶክ ግማሽ ቀን ያህል ከጨለመ በኋላ ማታውን ተመለሰ፤ በማግሥቱ ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ትራምፕ አፈጻጸሙን በ75 ቀን አራዘሙት፤ ከዚያም ደጋግመው አራዘሙት። በመጨረሻ በጥር 2018 ዓ.ም. የአሜሪካው ቲክቶክ አብዛኛው ድርሻ በሌሎች ባለሀብቶች ወደ ተያዘ አዲስ ኩባንያ ዞረ፤ ባይትዳንስ ከ20 በመቶ በታች ይዞ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚጠቅሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም ከደንበኞቼ ነው የተማርኋቸው። አንዷ በንዴት መተግበሪያውን ከስልኳ አጠፋችው። ቲክቶክ በማግሥቱ ቢመለስም አፕልና ጎግል ከመተግበሪያ መደብራቸው አውርደውት ነበርና መልሳ መጫን አልቻለችም፤ መደብሮቹ የመለሱት የካቲት 6 ቀን ነው። ስለዚህ ሲዘጋ ፈጽሞ አታጥፉት። ይቀመጥ፤ በርበሬ አይጠይቅ። ሁለተኛው፣ ያን ቀን የጨለመው ቲክቶክ ብቻ አልነበረም፤ ካፕከትም አብሮ ጠፋ፤ የባለቤቱ ያው አንድ ኩባንያ ነውና። እዚህ ቡሬ ቪዲዮ የሚያሳምር ወጣት ሁሉ ካፕከት ላይ ነው የሚሠራው። በረቂቅ የተቀመጠ ሥራችሁ ሁሉ እዚያ ውስጥ ካለ፣ የሸክላ ሠሪዋ ቤት ሲዘጋ ያልወሰዳችሁት ምጣድ ነው።

ለስንት ጊዜ እንደሚዘጋ መገመት

ዕቃ በእጁ ያለ ሰው መገመት አለበት፤ የተፈጨ በርበሬ ሲቆይ መዓዛው ይደክማል። የእኔ ግምት የሚነሣው ከምክንያቱ ነው። የፈተና መዘጋት ቀናት ነው፤ ግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በፌስቡክ ሾልኮ ከወጣ በኋላ በቀጣዩ ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ እንደ ተዘጋው። ፈተናው ሲያልቅ ያልቃል። የጸጥታ መዘጋት ግን ቀን የለውም፤ በሁለት ቀንም በአምስት ወርም ሊያልቅ ይችላል፤ እኔ የጸጥታ ምክንያት ስሰማ ወዲያው ዓመት እንደሚሆን አድርጌ እዘጋጃለሁ። ቀድሞ ቢከፈት ተመስገን።

ቀኑ ቀድሞ የተነገረ እገዳ ደግሞ ስጦታ ነው። የአሜሪካው እንዲያ ነበር፤ ብልሆቹ ዘጠኙን ወር ተከታዮቻቸውን ወደ ሌላ ቦታ ሲያሻግሩበት ከረሙ። ሕንድ ግን በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከቻይና ጋር ድንበር ላይ ወታደር በሞተባት በሁለት ሳምንቱ፣ ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና መተግበሪያዎችን በአንድ ምሽት ዘጋች፤ እስካሁንም ለቲክቶክ በሩ አልተከፈተም። በወራት ውስጥ የኢንስታግራም ሪልስና የዩቲዩብ ሾርትስ ቦታውን ያዙት። ኔፓል በኅዳር 2016 «ማኅበራዊ ስምምነት አናጋ» ብላ ዘጋች፤ በነሐሴ ከፈተች። አልባኒያ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በማኅበራዊ ሚዲያ በተጀመረ ጠብ ከተገደለ በኋላ በመጋቢት 2017 ለአንድ ዓመት ዘጋች። ይህን የምዘረዝረው እውቀቴን ለማሳየት አይደለም። «እኛን ብቻ ነው የሚዘጉብን» ብሎ የሚተክዝ ነጋዴ መፍትሔ አይፈልግምና ነው። በየአገሩ ምክንያቱ ይለያያል፤ የባለ ሱቁ ችግር ግን አንድ ነው፦ ደንበኛው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ደብተሩ

እነሆ ደረስን። ባለ 200 ገጽ፣ ሽፋኑ ጠንካራ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ ብቻ አትመዝግቡ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውኃ ይገባዋል። እኔ ከስልክም ከደብተርም ላይ አለኝ፤ የማምነው ግን ደብተሩን ነው።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር። ስም። ስልክ ቁጥር፣ ቢቻል ሁለት፤ አንዱ የባል ወይም የእህት ይሁን። ከተማና ሰፈር። ከዚያ የበርበሬው ዓይነት፤ የሚያቃጥል ነው የሚወዱት ወይስ ለዘብ ያለ? ኮረሪማ ይብዛ ይነስ? ለመጨረሻ ጊዜ የገዙት መቼ፣ ስንት ኪሎ? ይህ የመጨረሻው ዓምድ ነው ወርቁ። አራት ሰው ያለበት ቤት ሦስት ኪሎ ወስዶ ሦስት አራት ወር ከሆነው ማለቁ ነው፤ እሱ ሳይደውል እኔ እደውላለሁ። «እመቤት፣ በርበሬው አላለቀም?» ስላት «እንዴት አወቅሽ?» ትለኛለች። ቲክቶክ ይህን አያውቅላችሁም። ያውቅ ይሆናል፤ ግን አይነግራችሁም።

ቁጥሩን እንዴት ታገኛላችሁ? በየቪዲዮው ሥር ስልካችሁን መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ያ እናንተን ለእነሱ ይሰጣል እንጂ እነሱን ለእናንተ አይሰጥም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፤ በአስተያየት «ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ሲመጣ «ደውሉልኝ» እላለሁ። ሲደውሉ ዋጋውን ነግሬ «ስምዎን ልጻፍ? የዘንድሮው ሲፈጭ እነግርዎታለሁ» እላለሁ። ብዙው እሺ ይላል። እንቢ ያለውን አልጽፍም። ፈቃድ መጠየቁ ከጨዋነትም ያልፋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል አለ፤ የሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ እንደ ልብ የሚዞር ዕቃ አይደለም። አንድ የማር ነጋዴ ደብተሬን ፎቶ ላንሣና ገንዘብ ልስጥሽ ብሎኝ ነበር። የሰው ስልክ በኪሎ አይሸጥም ብዬ ሸኘሁት። እስካሁን ቅር ብሎታል።

በመልዕክት መላክ ስትጀምሩ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። አጭር መልዕክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልዕክት ይቆጠራል፤ ለ200 ሰው ሲላክ ሒሳቡ ይሰማል። ስለዚህ ሰላምታ ማብዛት የለም። የእኔ እንዲህ ነው፦

«የዘንድሮ በርበሬ ተፈጭቷል። ሐሙስ ይጫናል። የሚፈልግ እስከ ረቡዕ ይደውል። ከቡሬ»

ቆጥሬዋለሁ፤ ባዶ ቦታው ሳይቀር 51 ነው። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ የለበትም» ትለኛለች። ጤና ይስጥልኙ ሲደውሉ ይደርሳል።

ክፍያው ዳታ ሳይኖርም ይሆናል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። በቴሌብር *127# ደውሎ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ *889# ደውሎ መላክ ይቻላል፤ ለሁለቱም ጥሪ የሚሠራ ስልክ ይበቃል። ኔት ባለበት ቀን ከደንበኛችሁ ጋር አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ የሚስጥር ቁጥሩን የረሳ ብዙ ነው። ጭነቱን በተመለከተ በከረጢቱ ሁለት ጎን የተቀባዩን ስምና ስልክ በማይለቅ ቀለም ጻፉ፤ በአንዱ ጎን ብቻ የጻፍሁበት አንድ ከረጢት አዲስ አበባ መናኸሪያ ሦስት ቀን ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል። የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ለገዢው በመልዕክት ላኩ። ከዚህ በላይ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ ውስጥ የማምናት አንዲት ሴት አለችኝ፤ ጥቂት ኪሎ ሁልጊዜ እሷ ጋ አለ። መንገዱ ሲዘጋ እንኳ ደንበኛ ሄዶ የሚወስድበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቴሌግራም ለቲክቶክ መጠባበቂያ አይሆንም ያልሁት ለዚህ ነው፤ መጠባበቂያ ዘሩ የተለየ መሆን አለበት። ስልክ፣ ሰው፣ ሱቅ።

ቪዲዮዎቻችሁን ከቤታችሁ አስቀምጡ

ይህን ክፍል የእህቴ ልጅ ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍሁት። ቪዲዮውን በስልኩ ካሜራ ቅረጹ፤ ቲክቶክ ውስጥ ገብታችሁ አትቅረጹ። በስልክ የተቀረጸው የእናንተ ነው፤ ሌላም ቦታ ይለጠፋል፣ የቲክቶክ ምልክትም አይታተምበትም። በወር አንድ ቀን ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡ። ቲክቶክ ውስጥ በረቂቅ ያለው ሥራ ስልኩ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ መተግበሪያው ከጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አካውንቱን ከስልክ ቁጥር ሌላ ከኢሜይልም ጋር አያይዙት፤ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ጻፉት። ሲም የጠፋበት ሰው ማረጋገጫ ቁጥሩ የት ይምጣለት? መተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ «መረጃህን አውርድ» የሚል አማራጭ አለ፤ ስትጠይቁ ፋይሉ ወዲያው አይመጣም፣ ከመጣ በኋላም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አውርዱት። የተከታዮቻችሁን ስም ይዟል። የስልክ ቁጥራቸውን ግን አልያዘም። ስለዚህ ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

ስለ ቪፒኤን አንዴ

በ2015ቱ መዘጋት ሰው ሁሉ ቪፒኤን ይጭን ነበር፤ እኔም ጭኛለሁ። ገባሁ። ለጠፍሁ። ማን አየው? ሌሎች ነጋዴዎች! በርበሬ የምትገዛኝ የቤት እመቤት ቪፒኤን ልጫን ብላ አልተቀመጠችም፤ ቀና ብላ ጎረቤቷ ካለው ሱቅ ገዛች። ሻጭ በጓሮ ገብቶ ገዢ በፊት በር ከቀረ ገበያ የለም። በነጻ የሚሰጠው ቪፒኤን ደግሞ ወጪውን ከየት ያመጣዋል ብላችሁ ጠይቁ፤ ከብዙዎቹ መልሱ የእናንተ መረጃ ነው። የባንክ መተግበሪያ ባለበት ስልክ ላይ ማንነቱን የማታውቁትን አትጫኑ። የየአገሩ ሕግም ይለያያል። ለዘመድ ወሬ የሚፈልገው ሰው የራሱን ይወስን፤ ለንግድ ግን አልመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ሲዘጋ ወሬ ይበዛል። «በዚህ ቀን ይከፈታል»፣ «እገሌ ተይዞ ነው የዘጉት» የሚል በየስልኩ ይዞራል። የንግድ ገጽ ይዛችሁ አታስተላልፉ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። የእኔ ገጽ ከዚያ ያልፋል። በበርበሬ የመጣ ተከታይ ለችሎት ይቆጠርብኝ እንዴ?

የልምምድ ቀን

የመጨረሻው ሥራ ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ጊዜ፣ በሦስት ወር አንድ ቀን ዳታውን አጥፍታችሁ ዋሉ። ቲክቶክ የለም፤ ቴሌግራም የለም፤ ዋትስአፕም የለም። ደብተርና ጥሪ ብቻ። ያን ቀን ከእሑድ ወይም ከበዓል ጋር አታድርጉት፤ ሥራ ባለበት ቀን ይሁን፤ ያለዚያ ምንም አያስተምርም። በእያንዳንዷ «አይ፣ ይህስ ኔት ይፈልጋል» ባላችሁበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። የጎደለው እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ልምምድ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አደረግን። ጠዋት ሦስት ሰው ደወለ፤ ተሸጠ፤ ኩራቴ ጣራ ነካ። አራተኛዋ ከደብረ ማርቆስ ደውላ «ሚጥሚጣው ኪሎው ስንት ገባ?» አለችኝ። በርበሬውን በቃሌ አውቃለሁ፤ ሚጥሚጣውን፣ ነጭ ሽሮውንና ድልሁን ግን ዋጋ የምታወጣው የእህቴ ልጅ ናት። ዝርዝሩ የት ነው ብላት ዓይኗን ወደ ስልኳ ጣለች። ቴሌግራም ላይ ነው ያስቀመጠችው።

ለሴትዮዋ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ከምድጃው ከሰል አነሣሁና ዋጋውን ሁሉ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ጻፍነው። ሲቀየር በእርጥብ ጨርቅ እንጠርገዋለን።